አሥራ ሰባት ቁጥር መንገድ

ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ቶሮንቶ
እሁድ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለአጸደ፤

እንደምን ከርመሻል? ቦርከና ዳር ያለው ቤታችን፣ ጎረቤቱ፣ ያ ሌባ ድመትሽ ሁሉ እንዴት ናቸው? እኔ ብርድ ሲነካኝ ጉልበቴ እንደ አሮጌ ፍሬን ከመጮሁ በቀር ደህና ነኝ። ሐሴትም ደህና ናት። ትንሽ ወፍራለች፤ አባትሽ ነገረኝ እንዳትያት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ዙበይር ይባላል። ከኛ በላይ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚኖር የደሴ ልጅ ነው። እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ኮምቦልቻ ወርዶ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ። «ጋሽ ሳህሉ፣ ቮይስ ሪከርድ አድርገው ለምን አይልኩላቸውም? በአንድ ደቂቃ ይደርሳል እኮ» ብሎኝ ነበር። እሱ ምን ያውቃል። በስልክ ስናወራ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር አንቺ ትቆጪኛለሽ፣ እኔም ፈርቼ ስለ አየሩ ማውራት እጀምራለሁ። ደብዳቤ ግን እስኪያልቅ ድረስ አያቋርጡትም።

እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሐሴት የምትሠራው ቢሮ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ «ሎጂስቲክስ» እያለች የነገረችሽ ሥራ አሥራ ስምንት ጎማ ያለው የጭነት መኪና መንዳት ነው። ልጅሽ ሾፌር ናት። የአገር አቋራጭ ሾፌር።

ምናልባት አንቺም ጠርጥረሽ ይሆናል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። እኔ ግን ምንም ሳላውቅ ነው የመጣሁት። ያወቅኩት በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ማንም አልነገረኝም። ገበያ ወስዳኝ ስንመለስ ትንሿን መኪናዋን ወደ ኋላ ስታቆም አንገቷን ዞር አላደረገችም። በሁለቱ የጎን መስታወት ብቻ እያየች በአንድ ጊዜ አስገብታ አቆመቻት። እንዲህ የሚያደርገው ተሳቢ የጎተተ ሰው ብቻ ነው። «ስንት ዓመትሽ ነው?» አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ ገባትና መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች።

ወደዚህ አገር ስትመጣ ቦሌ ላይ ወንጌል አስይዘሽ ያስማልሻትን አልረሳሁም። ከልጅነቷ ጀምሮ ከኔ ጋቢና አልወርድም ስትል ስላደገች ፈርተሽ ነበር። «እንደ አባትሽ መሪ ይዘሽ መንገድ ካደርሽ ልጄ አይደለሽም» አልሻት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የምትይው አንቺው ነሽ፤ ይኸው ደረሰ።

አሁን ቪዛሽ መጥቷል፤ ታኅሣሥ አሥራ ስምንት ትሳፈሪያለሽ። የሐሴት ሐሳብ እዚህ ከደረስሽና ካረፍሽ በኋላ ራሷ ልትነግርሽ ነበር። እኔ አንቺን ከሷ የበለጠ አውቅሻለሁ። እዚህ ስትሰሚው ሻንጣሽን ሳትፈቺ ትመለሻለሽ፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ትሸከማለች። ስለዚህ ከሷ ተደብቄ ቀድሜ ነገርኩሽ። መቆጣት መብትሽ ነው። ቲኬቱን ከመመለስሽ በፊት ግን መንገዷን ላሳይሽ፤ አብረሽኝ ሂጂ።

በመስከረም መጨረሻ አሠሪዎቿን አስፈቅዳ ይዛኝ ወጣች። ከብራምፕተን የጫንነው ፍራሽ ነው። እኔ ዕድሜዬን ስንዴና ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶና ብረት ስጭን ኖሬ፣ ልጄ አንድ ተሳቢ ሙሉ ፍራሽ ስትጭን ሳይ «ይኸ ደግሞ ጭነት ነው?» አልኳት። «አባዬ፣ ሎድ ሎድ ነው» አለችኝ። ጋቢናው ውስጥ አልጋ አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ወንበሩ አየር ላይ እንደተቀመጥሽ ያደርግሻል። የኔ ኤንትሬ መኪና ወንበር የነበረውን ሽቦ ታስታውሺያለሽ፤ ሱሪዬን ሁሉ የጣፍሽው በሱ ምክንያት ነው።

ይህ ኦንታሪዮ የሚሉት አንድ ክፍለ ሀገር ነው። አንድ ብቻ። ከቶሮንቶ ተነስተን በሦስተኛው ቀን ኬኖራ የምትባል ከተማ ስንደርስ አሁንም እዚያው ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበርን። ከአዲስ አበባ አሰብ ደርሶ መልስ የሚሆን ነድተሽ አሁንም አገረ ገዥው አንድ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ወደ ሰሜን ወጣን፤ ባሪን፣ ፓሪ ሳውንድን አልፈን ሰድበሪ ስንደርስ አሥራ ሰባት ቁጥርን ያዝን። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው እሱ ነው። ዓለቱን ለሁለት ሰንጥቀው ነው ያሳለፉት፤ ግራና ቀኝ ሮዝና ጥቁር ድንጋይ እንደ ግንብ ቆሟል። ቅጠሉ ደግሞ በዚያ ሰሞን ቀይና ቢጫ ሆኖ ነበር። እኔ መንገድ ሳይ ጉድጓድ ነው የምፈልገው፤ እዚህ ግን ጉድጓድ ስላጣሁ ዛፍ ሳይ ዋልኩ።

ሱ ሴንት ማሪ ከምትባለው ከተማ በኋላ ሱፒሪየር ሐይቅ ይጀምራል። ሐይቅ አሉት እንጂ ባሕር ነው፤ ማዶው አይታይም፣ ማዕበሉ ዓለት ይመታል። መኪናው ሲቆም ወርጄ በመዳፌ ቀመስኩት። ጨው የለውም። አሰብን አስታውሶኝ ጨው ጠብቄ ነበር መሰለኝ፣ ትንሽ ቅር አለኝ።

የመንገዱን ታሪክ የነገረችኝ ሐሴት ናት። እረፍት በወጣች ቁጥር መንገድ ዳር የቆመውን ጽሑፍ ሁሉ አንብባዋለች። ከሱ ሴንት ማሪ ሰሜን ያለው ክፍል ተገናኝቶ የተከፈተው በነሱ አቆጣጠር በ1960 ነው። ያንቺ እኩያ ነው ማለት ነው፤ ልዩነታችሁ እሱ በየክረምቱ ይጠገናል፣ አንቺ አንድም ቀን ጥገና አልነካሽም። ከዚያ በፊት ሁለት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አልነበረም። ከምሥራቅ የመጣውም ከምዕራብ የመጣውም ጫካ ፊት ቆሞ ይቀር ነበር። አገሩን ማቋረጥ የፈለገ በሩቅ ሰሜን በኩል ዞሮ ነበር የሚሄደው።

የሠሩት ሰዎች ደግሞ ወደው የመጡ አልነበሩም። በአንድ ክፉ ዘመን ሥራ ያጡ ሰዎች ካምፕ ሰፍረው በዶማና በአካፋ ቆፈሩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ሃይማኖታችን መሣሪያ አያስይዘንም» ያሉ ወጣቶችን ወደዚሁ ላኳቸው። የገዛ አገራቸው ሰዎች የሆኑትን፣ ዘራቸው ከጃፓን ነው ብለው ብቻ፣ ከቤታቸው አፈናቅለው መንገድ አሠሯቸው። ይህን ስትነግረኝ አባቴን አሰብኩ። ጣሊያን የአሰብን መንገድ ሲሠራ ባቲ ላይ ድንጋይ ፈልጧል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ላይ፣ ኋላ አሰብ ሲዘጋም ሚሌ ላይ ወደ ጅቡቲ እየታጠፍኩ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ነዳሁበት። አባቴ በዚያ መንገድ አንድም ቀን በመኪና ሳይሄድበት ነው የሞተው። ለሐሴት ይህንን ነግሬያት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ነገርኳት።

ከዚያ የምታስቅ ከተማ ደረስን፤ ዋዋ ትባላለች። መንገዱ ሲከፈት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሊያልፍ ሆነ። ነጋዴዎቹ «መኪናው ሳይቆም ሊያልፈን ነው» ብለው ሰጉ። ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ? መታጠፊያው ላይ የቤታችንን ቁመት ሁለት ጊዜ የሚያህል የዝይ ሐውልት አቆሙ። ሰው ዝይዋን ሊያይ ይቆማል፣ ከቆመ ደግሞ ይርበዋል፣ ገብቶ ይበላል። «ሚሌ ላይ ይኸን ዘዴ ቢያውቁ ግመል ያቆሙ ነበር» አልኳት፤ በሳቅ ፈነዳች።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ፤ ከሌላ ከምትሰሚው ከኔ ይሻላል።

ዋዋን አልፈን ጫካው መሐል ስንደርስ የፍሬኑ አየር ቱቦ ፈነዳና ፍሬኑ መኪናውን ይይዘው ጀመር። ሐሴት ጠርዝ አስይዛ አቆመች፣ ሦስቱን አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ከኋላ አስቀመጠች፣ ስልክ እዚያ ስለማይሠራ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን ወጣች። «አባዬ፣ ፕሊስ ከመኪናው እንዳትርቅ። ምንም እንዳትነካ» ብላኝ ሄደች።

እኔ ሦስት ማዕዘኖቹን አየኋቸው። መጫወቻ ይመስላሉ። ኩርባ ላይ ነው የቆምነው፤ በልጄ መኪና ውስጥ ያለው ፍራሽ ቢሆንም ከኋላ የሚመጣው ብረት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የማውቀውን አደረግኩ። ካራዬን አወጣሁና የጥድ ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ ከመኪናው ኋላ ሁለት መቶ ሜትር ያህል አስፋልቱ ላይ ጣልኩበት። ደንበኛ አድርጌ ነው የጣልኩት፤ መጀመሪያ ሳሳ፣ ወደ መኪናው ሲጠጋ በዛ። ዶቢ በረሃ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ዛፍ ከተገኘ፣ የሚያመሰግነኝ ብዙ ነበር።

የኛ አገር ሾፌር ቅጠል ካየ የተበላሸ መኪና እንዳለ ያውቃል፤ ዝግ ብሎ ያልፋል። የዚህ አገር ሾፌር ዛፍ የወደቀ መስሎት ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዱ ቆመ፣ ከኋላው ሁለተኛው፣ ከዚያ አውቶብስ። ሐሴት ከዳገቱ ስትወርድ ሰልፉ ኩርባውን ዞሮ አይታይም ነበር።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ያደረግከው? ሃይዌዩን ብሎክ አደረግከው እኮ። በሬዲዮ ፖሊስ ኮል አድርገዋል።»

«ቅጠል ጣልኩልሽ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ።

ፖሊሱ መጣ። ረጅም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። የወደቀውን ዛፍ ፈለገ፤ ዛፍ የለም። ቅርንጫፉን አየ፣ ካራዬን አየ፣ እኔን አየ። ሐሴት ልታስረዳ ስትንተባተብ ከሰልፉ ውስጥ ጥምጣም ያሰረ አንድ የጭነት ሾፌር ወርዶ እየሳቀ መጣ። ከሕንድ፣ ከፓንጃብ ነው። ሰላም ሳይለኝ አቀፈኝ። «የኔም አባት እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ በእኛም አገር መኪና ሲበላሽ ቅጠል ነው የሚጣለው» እያለ ለፖሊሱ አስረዳልኝ፤ የተረጎመችልኝ ሐሴት ናት።

ፖሊሱ «ስንት ዓመት ነድተሃል?» አለኝ። ሠላሳ አራት አልኩት። «አደጋስ?» አለ። አንድም የለም አልኩት፤ ያቺን የሐርቡን አህያ አልቆጠርኳትም። ፊቱ ተፈታና ቅርንጫፉን አንድ በአንድ አስለቀመኝ። የፓንጃቡ ሾፌርም አብሮኝ ለቀመ። ቋንቋ ባያግባባንም ሐሴት ከዳገቱ ደውላ የጠራችው መካኒክ እስኪመጣ ድረስ ሻይ ከፔርሙዙ እየቀዳልኝ፣ ስለ ቁልቁለትና ስለ ፍሬን በእጃችን ስናወራ ቆየን። ሐሴት ፊቷን በእጇ ሸፍና ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ፣ ለካ እየሳቀች ነው።

ከዚያ ወዲያ ዋይት ሪቨር፣ ማራቶን፣ ኒፒገን። ኒፒገን ላይ አንድ ድልድይ አለ፤ የአገሩን ምሥራቅና ምዕራብ በመኪና የሚያገናኘው እሱ ብቻ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት አዲሱ ድልድይ ተከፍቶ ሁለት ወር ሳይሞላው በከባድ ብርድ ወለሉ ብድግ አለ። ይህ ሁሉ ሀብታም አገር ለሁለት ተቆረጠ፤ ሾፌሩ በአሜሪካ በኩል መዞር ነበረበት። አሁን ተጠግኗል። ሐሴት እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ታማትባለች። አንቺ ያስተማርሻት ነገር አልጠፋም።

አነዳዷንም ልንገርሽ፤ የሚያውቅ ሰው ነው የሚነግርሽ። ቁልቁለት ሲመጣ አስቀድማ ማርሽ ትቀንሳለች፤ ፍሬን አታምንም። ጠዋት ጠዋት ሳትነሳ በፊት ጎማውን ሁሉ እየዞረች ታያለች። ሲደክማት «ትንሽ ልሂድና» አትልም፤ ትቆማለች። ይህን የመጨረሻውን እኔ ራሴ አልቻልኩበትም ነበር። በዕድሜዬ ብዙ ሾፌር አየሁ፤ የተሻለውን የወለድሽው አንቺ ነሽ።

ኬኖራ ላይ ፍራሹን አራግፈን ሐይቅ ዳር ስንቀመጥ ግን ሳቋ ጠፋ። «እማዬ ስታውቅ ትቆርጠኛለች። አባዬ፣ ሌላ ሥራ ሞክሬያለሁ፤ ኦፊስ ውስጥ ልቤ አይረጋም። ግን እሷን ከማጣ እተወዋለሁ» አለችኝ። አየሽ፣ ካልሽ ትተወዋለች። ያንን ሥልጣን ይዘሽ ነው የምትመጪው፤ ለዚህ ነው አስቀድሜ የምጽፍልሽ።

አሁን ደግሞ ያላሰብኩት ቦታ ደረስኩ።

ከሁለት ሳምንት በፊት የመጀመሪያው በረዶ ወደቀ። ሐሴት በዚያው መንገድ ላይ ነበረች። ጠዋት ልትደውል ነበር፤ አልደወለችም። ስልኳ አይነሳም። መስኮቴ ላይ ስቆም ሸለቆው ውስጥ የሚያልፈው ጎዳና ይታየኛል። በዚያ ጎዳና ከባድ መኪና አይፈቀድም፤ እንደማትመጣበት አውቃለሁ፤ ግን ያንኑ ሳይ ዋልኩ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር በር ከፈትኩ። ወጥ አሞቅኩ፣ ቀዘቀዘ፣ እንደገና አሞቅኩ። ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳልኩ። እኔ፣ አንቺ ስትሳይ የምስቀው ሰውዬ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከች አለች። «አባዬ፣ ሮድ ክሎዠር ነበር እኮ፤ በበረዶው መንገዱን ዘግተውት። ሞቴል ቁጭ ብዬ ፓይ ስበላ ነበር፤ ኔትወርክ የለም» ብላ ሳቀች። የኔን ሳቅ ነው የሳቀችው። እኔ ተነሳሁና ወጥ ቤት ገባሁ። የምፈልገው ነገር አልነበረም። ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ።

እዚያ ቆሜ ነው የገባኝ።

በ1990 ግንቦት ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መስመር ሲዘጋ አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠፋሁ። መኪናዬን ጥዬ በጅቡቲ በኩል ዞሬ ስመጣ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ተቀምጠሻል። እኔ ደግሞ «ንፍሮው ለማን ነው?» ብዬ ገባሁ። ግማሹ ሰው ጮኸ፣ ግማሹ ሳቀ። አንቺ ሁለቱንም አላደረግሽም። ጫማዬን አይተሽ «እግርህ ቆስሏል» አልሽና ውሃ ልታሞቂ ገባሽ።

ይህን ጨዋታ ሃያ ሰባት ዓመት በየግብዣው አወራሁት። ሰው ሁሉ ይስቅልኛል። ንፍሮው ጋ ስደርስ አንቺ ሁልጊዜ ብድግ ብለሽ ወጥ ቤት ትገቢ ነበር። ድስት ልታዪ ይመስለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አንድም ቀን ሌላ ነገር አላሰብኩም።

አጸደ፣ ይቅር በይኝ። የሞትኩ ለት ብቻ አይደለም፤ የተመለስኩ ለት ሁሉ ሳልጠይቅሽ ቀርቻለሁ። እንዴት ከረምሽ እል ነበር፤ እንዴት ጠበቅሽኝ ብዬ ግን ጠይቄሽ አላውቅም።

ስለዚህ ልጅሽን መርቂልኝ ብዬ አልለምንሽም። ሐሳብሽን ቀይሪም አልልሽም፤ ለመፍራት በቂ ምክንያት የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፤ የምትቆጪውን እዚህ መጥተሽ ተቆጪ። መንገዱን እሷ ችላዋለች። መጠበቁን ግን እኔ አልቻልኩበትም። አንቺ ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቀሻል፣ እኔ ገና ስምንት ወሬ ነው፤ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። ነይና አብረን እንጠብቃት።

መንገድሽን ገብርኤል ይምራው፤ ደመናውን ከፊትሽ ይግፈፈው። ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ዙበይርን ምሳ ሳታበዪ እንዳትሸኚው፤ ዓይን አፋር ነው፣ በልቻለሁ ይልሻል።

ሙሉ ሰው ሳልሆን የታገሥሽኝ ባልሽ፣
ሳህሉ

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ አሁን ሐሴት ደወለች። ኒፒገን ደርሳለች፤ ድልድዩን ተሻግራለች። ከጠዋት ጀምሮ ድምፅዋን ስጠብቅ ነበር፤ ደብዳቤው እንዲህ የረዘመው ለዚህ ነው።